ዕጣው ሳይንቲስት ቢሰጣችሁስ? የአሞንግ አስ ሚናዎችን ማወቅና መጠቀም

ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ቤታችን ጸጥ ይላል። ሁሉም ስልኩን ይዞ ጥግ ጥጉን ይይዛል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የእህቴ ልጅ እዚያ ገና ቀን ስለሆነ ምሳውን እየበላ ይገባል። ኔታንያ ያለችው የአጎቴ ልጅ እንደ እኛው መሽቶባታል። የአሞንግ አስ ጨዋታችን መግቢያ ኮድ በቴሌግራም ይላካል። አሥር ሰው እስኪሞላ ወሬው አይጣል ነው። ከዚያ ስክሪኑ ይጨልምና ዕጣው ይወጣል።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሰባት ዙር ተጫውቶ አንዴም ኢምፖስተር፣ ማለትም ተደብቆ ገዳይ፣ አልሆነም። «አጎቴ፣ ይሄ ጌም እኔን አይወደኝም» አለ። በስምንተኛው ሳይንቲስት፣ ማለትም ማን እንደሞተ የሚያሳይ ቁልፍ ያለው ሚና፣ ደረሰው። ከደስታው ብዛት ቁልፉን ከፍቶ ሲያፈጥበት የቁልፉ ባትሪ አለቀ። ብዙም ሳይቆይ ኤሌክትሪካል የሚባለው ክፍል ውስጥ ወድቆ ተገኘ። ለመጀመሪያው ስብሰባ እንኳ አልደረሰም።

ልጁ ፈጣን ነው፤ ጣቱ ከእኔ ይፈጥናል። የጎደለው ሌላ ነው። ሚናው የሰጠውን ቁልፍ አየ እንጂ በቁልፉ ምን መመስከር እንደሚችል አላሰበም። አሞንግ አስ ውስጥ በዕጣ የሚደርሰን ችሎታ ብቻውን አያሸንፍም። የምናሸንፈው ስብሰባ ላይ «እኔ ያየሁት ይሄ ነው» ብለን ሌላው ሲያምነን ነው። ኢምፖስተር ከሆንን ደግሞ ውሸታችን ሲታመን። ለልጁ በድምፅ መልእክት ላስረዳው ሞከርኩ፣ ረዘመብኝ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ጨዋታውን ለማያውቅ፣ በአጭሩ

ጨዋታውን የሠራው ኢነርስሎዝ የሚባል ትንሽ የአሜሪካ ስቱዲዮ ነው። የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዓለም ያወቀው ግን በ2020 ሰው ሁሉ ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ ነው። ከ4 እስከ 15 ሰው ይጫወተዋል። ብዙው ክሩሜት ነው፤ በየክፍሉ እየዞረ ታስክ፣ ማለትም የተሰጠውን ሥራ፣ ይሠራል። ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት ኢምፖስተር ናቸው፤ ተደብቀው ይገድላሉ። ሬሳ ያገኘ ሪፖርት ያደርጋል፣ ሁሉም ይሰበሰባል፣ ይከራከራል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ የተመረጠው ይጣላል። ልጅ ሆነን በብጣሽ ወረቀት ዕጣ አውጥተን ሌባና ፖሊስ ለተጫወትን ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም።

መጀመሪያ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ (ኖቬምበር 2021) አራት ልዩ ሚናዎች ገቡ፤ ሳይንቲስት፣ ኢንጂነር፣ ጋርዲያን ኤንጅልና ሼፕሺፍተር። በሰኔ 2016 ዓ.ም. (ጁን 2024) ትራከር፣ ኖይዝሜከርና ፋንተም ተጨመሩ። ከዚያ በኋላ የገቡም አሉ። እኔ ግን እነዚህን ሰባቱን ነው የማሳያችሁ፤ እነሱን የያዘ ሰው አዲሱን በአንድ ምሽት ይለምደዋል።

አንድ፦ ዕጣው እንዴት እንደሚወጣ እወቁ

ጨዋታው መጀመሪያ ኢምፖስተሮቹን ይመርጣል። ቀጥሎ ከእነሱ መካከል ሼፕሺፍተር ወይም ፋንተም የሚሆነውን ይለያል። ከዚያ ለቀሩት ክሩሜቶች ሚና ያድላል። ያለፈውን ዙር አያስታውስም። «አሁንስ ተራዬ ነው» የሚባል ነገር የለም።

የእህቴን ልጅ ቅሬታ በቁጥር እንየው። አሥር ሰው ሆነን ሁለት ኢምፖስተር ካለ፣ በአንድ ዙር የእያንዳንዳችን ዕድል 20 በመቶ ነው። ሰባት ዙር ሙሉ አንዴም አለመሆን 21 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ማለት አሥር ሰው ሰባት ዙር በተጫወተበት ምሽት፣ በአማካይ ሁለት ሰው ሳይደርሰው ያድራል። ልጁን ማንም አልጠላውም፤ ከሁለቱ አንዱ እሱ ሆኖ ነው። አሥር ዙር ሙሉ ያለመሆን ዕድል ደግሞ ወደ 11 በመቶ ይወርዳል። ብርቅ ነው፣ ግን አንድ ቀን በሁላችንም ይደርሳል።

ልዩ ሚና ከዚህም ይጠባል። ሳይንቲስት አንድ ብቻ ከሆነና በእርግጠኝነት የሚወጣ ከሆነ፣ ከአሥር ሰው አንዱ እናንተ ናችሁ፤ 10 በመቶ። ሆስቱ ዕድሉን 50 ካደረገው ወደ 5 ይወርዳል። ሆስት የምንለው ክፍሉን የከፈተውን ሰው ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የማያየው ነገር ያለው።

ሁለት፦ ሚናችሁን ከማየታችሁ በፊት ሴቲንጉን አንብቡ

ሎቢ ውስጥ ሰው እስኪሞላ ስንጠብቅ አብዛኛው ሰው ኮፍያ ይቀያይራል። እኔም ዓመት ሙሉ ኮፍያ ስቀያይር ነበር። በዚያ ሰዓት ማየት የሚገባን የሚናዎቹን ዝርዝር ነው። ከእያንዳንዱ ሚና ጎን ሁለት ቁጥር አለ። አንዱ ቢበዛ ስንት ሰው እንደሚሆነው ይናገራል። ሌላው በመቶ የተጻፈው የመውጣት ዕድሉ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ አለባችሁ።

ኢንጂነር 1፣ ዕድሉ 100 ቢሆን፣ በዚህ ዙር አንድ ኢንጂነር አለ፣ አለቀ። ሁለት ሰው «እኔ ኢንጂነር ነኝ» ካለ አንዱ ዋሽቷል። ኢንጂነር 2፣ ዕድሉ 50 ቢሆን ግን ሁለት ሊኖር ይችላል፣ አንድ ሊኖር ይችላል፣ ጭራሽ ላይኖርም ይችላል። እዚህ ሁለት ሰው ኢንጂነር ነኝ ቢል ማንንም አታስሩም። ሦስተኛው ከመጣ ግን ከሦስቱ መካከል ውሸታም አለ።

ከሁሉ በላይ የማየው የሌላን ተጫዋች መልክ የሚይዘውን የሼፕሺፍተርን ቁጥር ነው። ዕድሉ 0 ከሆነ ዓይናችሁ አይዋሽም። ቀይ ቀለም ያለው ተጫዋች ሲገድል ካያችሁ ገዳዩ ቀይ ነው፤ ሰው ሰብስቡ፣ ንገሩ፣ ይጣል። ዕድሉ 0 ካልሆነ ግን «ቀይን በዓይኔ አየሁት» የሚለው ምስክርነት ግማሽ ምስክርነት ነው። ያያችሁት የቀይን መልክ ነው። እኛ ቤት በዚህ ምክንያት ስንት ንጹሕ ሰው እንደጣልን ቤት ይቁጠረው።

ሌሎቹም ቁጥሮች ይናገራሉ። የሳይንቲስቱ ባትሪ ስንት ሰከንድ ነው? ኢንጂነሩ ቬንት (የወለል አየር ቀዳዳ) ውስጥ ስንት ሰከንድ መቆየት ይችላል? ሼፕሺፍተር መልክ ሲቀይር ምልክት ጥሎ ይሄዳል ወይስ አይሄድም? ኖይዝሜከር ሲሞት ማስጠንቀቂያው ለኢምፖስተሮችም ይታያል? ሁሉንም ሆስቱ ነው የሚወስነው። የማታውቁት ሰው ክፍል ከገባችሁ እነዚህን አራቱን ብቻ አይታችሁ ጀምሩ፤ ሠላሳ ሰከንድ አይፈጅም።

ሦስት፦ ስክሪኑ ላይ ስሙ ሲወጣ

ሚናችሁ ሲታይ አትሳቁ፣ ዝምም አትበሉ። እኛ በግሩፕ ኮል እያወራን ነው የምንጫወተው። ጨዋታው ሲጀመር ሁሉም ማይኩን ይዘጋል፣ ስብሰባ ሲጠራ ይከፍታል። ይህ ሕግ ከሌለ ሚና የሚባል ነገር ትርጉም የለውም፤ የሞተ ሰው «ውይ!» ሲል ሁሉ ነገር ያበቃል። ኔታንያ ያለችው የአጎቴ ልጅ ወሬኛ ናት። ኢምፖስተር ስትሆን ግን ስብሰባ ላይ ድምፅዋ ይጠፋል። አሁን አሁን ዝም ካለች ማንም ማስረጃ አይጠይቅም።

ቀጥሎ ለራሳችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በዚህ ሚና ሌላው የማያየውን ምን ማየት እችላለሁ? መልሱ ለእያንዳንዱ ሚና ይለያያል። እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ።

አራት፦ የክሩሜት ሚናዎች

ሳይንቲስት። ቁልፉን ስትጫኑ የሁሉም ተጫዋች ዝርዝር ይከፈታል፤ ማን እንዳለ፣ ማን እንደሞተ ያሳያል። ክፍት ሆኖ በቆየ ቁጥር ባትሪው ይበላል። ባትሪው የሚሞላው ታስክ ስትጨርሱ ነው። ስለዚህ ታስኩን ጥሎ ዝርዝር ላይ የሚያፈጥ ሳይንቲስት ብዙም ሳይቆይ ዓይነ ስውር ይሆናል።

ዘዴው ሁለት ጊዜ ማየት ነው። ከፈት፣ ዘጋ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ከፈት፣ ዘጋ። አንዴ ብቻ ካያችሁ የምታውቁት አንድ ሰው መሞቱን ነው። ሁለቴ ካያችሁ መቼ እንደሞተ ታውቃላችሁ። በዚያ መካከል ከዓይናችሁ ያልጠፋ ሰው ደግሞ ገዳይ አይደለም።

አንድ ምሽት ስኬልድ የሚባለው ካርታ ላይ እንዲህ ሆነ። አድሚን ክፍል ካርድ እያንሸራተትኩ ነበር። ሰማያዊና አረንጓዴ አጠገቤ ነበሩ። ዝርዝሩን ከፈትኩ፣ ሁሉም በሕይወት አለ። ካርዱ አልነበብልኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ያ ካርድ መቼም በመጀመሪያው አያልፍም። ስጨርስ እንደገና ከፈትኩ። ቢጫ ሞቷል። ሰማያዊና አረንጓዴ ግን ካጠገቤ አልተንቀሳቀሱም። ወደ ካፌቴሪያ ሮጬ የአስቸኳይ ጊዜ ቁልፉን ተጫንኩ። «ሳይንቲስት ነኝ። ካርድ ስጀምር ቢጫ ነበረ፣ ስጨርስ የለም። ሰማያዊና አረንጓዴ ከእኔ ጋር ነበሩ። የቀራችሁት የት ነበራችሁ?» አልኩ። ሬሳውን ማንም አላገኘም ነበር። ቀይ ግን «ኧረ እኔ ኤሌክትሪካል አልገባሁም» አለ። ኤሌክትሪካል ያለው ማን ነው? ጣልነው። ኢምፖስተር ነበር።

ስኬልድና ሚራ ኤችኪው ላይ ይህ ሚና ወርቅ ነው፤ ሁለቱ ካርታዎች ላይ የሰውን ሕይወት የሚያሳይ ቋሚ ስክሪን የለም። ፖሉስና ኤርሺፕ ላይ ግን ግድግዳ ላይ የተተከለ ስላለ ማንም ሄዶ ያያል፣ የሳይንቲስቱ ዋጋ ይቀንሳል። ኢምፖስተሮች የመገናኛውን ክፍል ሳቦታጅ ሲያደርጉ፣ ማለትም ሲያበላሹ፣ የእናንተም ዝርዝር እንደሚዘጋ አትርሱ። መገናኛ ሲቋረጥ ሳይንቲስቱ መጀመሪያ ከሚሮጡት መሆን አለበት።

ኢንጂነር። በቬንት፣ ማለትም በወለል ላይ ባለው የአየር ቀዳዳ፣ መግባትና መውጣት የሚችል ክሩሜት ነው። ዱሮ ቬንት የሚገባው ኢምፖስተር ብቻ ነበር። አሁንም የብዙ ሰው አእምሮ እዚያው ስለቀረ፣ ከቬንት ስትወጡ ያያችሁ ሰው ይጮኻል።

ስለዚህ መቼ ልናገር የሚለው ጥያቄ እዚህ ይከብዳል። የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ ኢንጂነር 1 ከሆነና ዕድሉ 100 ከሆነ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ቀድማችሁ ተናገሩ። «ታዲያ ይገድሉኛላ!» ትላላችሁ። ይግደሏችሁ። ዝም ብላችሁ ብትሞቱ ኢምፖስተሩ ቦታችሁን ይወርሳል፤ ከቬንት ሲወጣ ሲያዝ «እኔ እኮ ኢንጂነር ነኝ» ይላል፣ እናንተ ሞታችኋልና የሚያስተባብለው የለም። ቀድማችሁ ከተናገራችሁ ግን ያ በር ተዘግቷል። ከእናንተ ሌላ ከቬንት የወጣ ሁሉ ተያዘ ማለት ነው። የእህቴ ልጅ በዚህ አይስማማም፤ ተደብቆ መሰለል ይሻላል ይላል። እስካሁን ምን እንደሰለለ አልነገረንም።

ቬንቶቹ የት የት እንደሚገናኙ ማወቅ ግድ ነው። ስኬልድ ላይ ኤሌክትሪካል፣ ሜድቤይና ሴኩሪቲ አንድ መረብ ናቸው። ዌፖንስ ከናቪጌሽን፣ ናቪጌሽን ከሺልድስ ይገናኛል። ሚራ ኤችኪው ላይ ሁሉም ቬንት እርስ በርሱ ስለተያያዘ ኢንጂነር ካርታውን በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ያካልላል። መብራት ሲጠፋ ወይም ሪአክተር ሲጮህ ቀድሞ መድረስ ያለበት እሱ ነው። ቬንት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ የተወሰነ ነው፣ ሲያልቅ ይተፋዋል። አንድ ነገር ደግሞ፦ ቬንት የማጽዳት ታስክ የደረሰው ሰው እናንተ ያላችሁበትን ካጸዳ ይዘረግፋችኋል። በዚያ ሰዓት ፊት ለፊት ተገናኝቶ መጨባበጥ ነው።

ትራከር። አንድ ሰው ትመርጣላችሁ፣ ለተወሰነ ጊዜ ያ ሰው የት እንዳለ ካርታው ላይ በነጥብ ታያላችሁ። አብዛኛው ሰው የሚጠረጥረውን ይከታተልና «ሜድቤይ ነበር» ብሎ ይመጣል። ይሄ ቀላል ነው። ዋናው ነገር ነጥቡ እንዴት እንደሚሄድ ነው። ክሩሜት በኮሪደር ይሄዳል። ነጥቡ ኤሌክትሪካል ቆሞ ቆሞ፣ ኮሪደሩን ሳይነካ ሜድቤይ ላይ ብቅ ካለ በቬንት ሄዷል። ኢንጂነር ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ካርታው ሲከፈት ስክሪኑን እንደሚሸፍንባችሁ ግን አትርሱ፤ ግድግዳ ተደግፋችሁ፣ ሰው ባለበት ክፍል አድርጉት።

ኖይዝሜከር። ሲሞት ይጮኻል። ማለትም ሲገደል የሞተበት ቦታ ለሌሎች በምልክት ይታያል። ከሁሉም የሚገርመኝ ሚና ነው፤ ጥቅሙ የሚጀምረው ከሞታችሁ በኋላ ነው። ስለዚህ አትደበቁ። ብቻችሁን ሂዱ፣ ግን ሰው በማይርቅበት ቦታ። ጥግ ላይ፣ ማንም በአሥር ሰከንድ በማይደርስበት ቦታ ብትሞቱ ኢምፖስተሩ በቬንት ጠፍቶ ይገኛል። ኮሪደር አጠገብ ብትሞቱ ግን ገዳዩ ገና ሲዞር ሁለት ሰው ይደርስበታል። ሚናችሁን ከመሞታችሁ በፊት ለማንም አትንገሩ። ከተነገረ ማን ይነካችኋል?

ጋርዲያን ኤንጅል። የሚደርሰው ለሞተ ክሩሜት ነው። መንፈስ ሆናችሁ አንድን በሕይወት ያለ ሰው ለጥቂት ሰከንድ ትጋርዳላችሁ፤ በዚያ ጊዜ ሊገድለው የሞከረ ይከሽፍበታል። ሲገድል ያያችሁትን ኢምፖስተር ተከተሉና ሊገድል ሲጠጋ ጋርዱ። በቃ፣ ይሄው ነው። ታስካችሁን ግን ጨርሱ። ክሩሜቶች በታስክ ሲያሸንፉ የሙታንም ታስክ ይቆጠራል፤ እኛ ቤት ከሞተ በኋላ ስልኩን አስቀምጦ ቡና ሊያፈላ የሚሄድ ሰው አለ፣ ስሙን አልጠራም።

አምስት፦ የኢምፖስተር ሚናዎች

ሁለቱም እንደ ማንኛውም ኢምፖስተር ይገድላሉ፣ ሳቦታጅ ያደርጋሉ፣ ቬንት ይጠቀማሉ። ልዩ ችሎታው በላዩ የተጨመረ ነው።

ሼፕሺፍተር የሌላን ተጫዋች መልክ ይይዛል፤ ቀለሙን፣ ልብሱን፣ ስሙን ሳይቀር። ጀማሪ የሚሠራው ስሕተት የሚወደውን ሰው መልክ መያዝ ነው። መልኩን የምትይዙት ሰው ሁለት ነገር ማሟላት አለበት። አንደኛ፣ በዚያ ሰዓት ብቻውን መሆን አለበት፤ ሰማያዊ ከሦስት ሰው ጋር ካፌቴሪያ እያለ እናንተ ሰማያዊ ሆናችሁ ብትገድሉ፣ ሦስት ምስክር አለው፣ ሼፕሺፍተር መኖሩም ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ከእናንተ ጋር በቅርቡ ያልተጣላ ይሁን። ስብሰባ ላይ «ይሄ ሰውዬ ሊያስጥለኝ ይፈልጋል» ተብሎ ጣት የሚቀሰረው ወደ እናንተ ነው።

መልክ ስትቀይሩ እንቅስቃሴው ለሚያይ ሰው ይታያል፣ ስትመለሱም እንደዚያው። ሴቲንጉ ከፈቀደ መሬት ላይ ምልክት ይቀራል። ስለዚህ ቀይራችሁ፣ ገድላችሁ፣ ተመልሳችሁ የምትወጡበትን መንገድ ቀድማችሁ አስቡ። ለእኔ ምርጡ አጠቃቀም ግን ግድያም አይደለም። የሌላ ሰው መልክ ይዞ ሰው እያየው ከቬንት መውጣት ነው። ያየው ሰው ምሎ ይመሰክራል፣ የምሩንም ነው። ንጹሑ ሰው ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ይከራከራል። የተንኮል ሥራ ነው፣ ግን ጨዋታው ለዚህ የተሠራ ነው።

በዚህ የተከሰሰ ንጹሕ ሰው ምን ይበል? «እኔ አይደለሁም» አይጠቅምም። «በዚያ ሰዓት ሺልድስ ነበርኩ፣ አረንጓዴ ሲወጣ ተላልፈናል» ይበል። ሼፕሺፍተር ባለበት ዙር ብቻውን የሚዞር ሰው ጠበቃ የለውም።

ፋንተም ለጥቂት ጊዜ ይሰወራል። ተሰውሮ መግደል ግን አይችልም፤ መጀመሪያ መገለጥ አለበት። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንደሚያስበው ተሰውሮ ለመቅረብ ሳይሆን ገድሎ ለመራቅ ይጠቅማል። ሲሰወር ትንሽ ጢስ የመሰለ ነገር ስለሚታይ ሰው ፊት አይሞከርም። ቬንት የሌለበት ክፍል ውስጥ የገደለ ፋንተም፣ በር ላይ የቆመውን ሰው አልፎ ይወጣል። ክሩሜት ሆናችሁ ፋንተም ካለ «በዚህ በር ማንም አልወጣም» ብላችሁ አትማሉ።

ስድስት፦ ስብሰባው

እዚህ ላይ ነው ሚና የሚመነዘረው። ሦስት ነገር ተናገሩ፦ የት ነበርኩ፣ መቼ፣ ከማን ጋር። ቅድም ካልኩት ከኢንጂነሩ በቀር፣ ሚናችሁን የምትናገሩት ማስረጃ ስታቀርቡ ብቻ ይሁን። «ሳይንቲስት ነኝ» ብቻውን ወሬ ነው፣ ማንም ሊለው ይችላል። «ሳይንቲስት ነኝ፣ ቢጫ የሞተው መብራት ከጠፋ በኋላ ነው» ግን የሚመረመር ቃል ነው።

ሰው ሚና ሲናገር ደግሞ ከሚናው ጋር የሚሄድ ጥያቄ ወርውሩበት። ሳይንቲስት ነኝ ላለ «አሁን ስንት ሰው ሞቷል? ማን ማን?» በሉት፤ ሬሳው ገና ያልተገኘ ሰው ካለ እውነተኛው ሳይንቲስት ያውቀዋል። ኢንጂነር ነኝ ላለ «ከየት ገብተህ የት ወጣህ?» በሉት። ትራከር ነኝ ላለ «ማንን ተከታተልክ፣ በየት በኩል ሄደ?» በሉት፤ የተጠቀሰው ሰው እዚያው አለ፣ እውነት መሆኑን ይናገራል። ውሸታም ሰው ዝርዝር ሲጠየቅ መንተባተብ ይጀምራል ወይም ይቆጣል። የሚቆጣውን እኔ የበለጠ እጠረጥራለሁ።

ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሚና አለኝ ሲሉ ወደ ሴቲንጉ ተመለሱ። ቁጥሩ 1 ከሆነ አንዱን ጣሉ፤ ንጹሑ ቢጣል እንኳ በቀጣዩ ስብሰባ ሌላው ታውቋል። ይህን ማድረግ የሚያዋጣው ግን በቂ ሰው ሲኖር ነው። አራት ሰው ቀርቶ ሁለት ኢምፖስተር ካለ ቁጥራቸው ከክሩሜቶቹ ጋር ስለተካከለ ጨዋታው ቀድሞ አልቋል። አምስት ቀርቶ አንድ ኢምፖስተር ካለ አንድ ስሕተት ትችላላችሁ።

ለመለማመድ

ፍሪፕሌይ የሚባል ብቻውን የሚጫወቱበት ክፍል አለ። እዚያ ገብታችሁ የቬንቶቹን መንገድ በእግራችሁ እወቁ፤ ሰው ፊት ከመማር ይሻላል። ከአገር ውጭ ካሉ ቤተሰቦች ጋር ስትጫወቱ ሁሉም አንድ ዓይነት የሰርቨር አካባቢ መምረጡን አረጋግጡ። ሰሜን አሜሪካ፣ አውሮፓና እስያ አሉ። እኛ አዲስ አበባም ኔታንያም ስለሚቀርብ አውሮፓን እንመርጣለን፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ትንሽ ይንቀራፈፍበታል፣ እሱም የሞተ ቁጥር ኔትወርኩን ያማርራል።

ለአዲስ ቡድን የምመክረው አከፋፈት ይሄ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሳይንቲስት 1 በ100፣ ኢንጂነር 1 በ100፣ የቀረው ሁሉ 0። ሰው ምስክርነት መስጠት እስኪለምድ እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ። በሁለተኛው ሳምንት ትራከርና ኖይዝሜከር ይግቡ፣ እነሱም በ50። ሼፕሺፍተር የሚገባው ሁሉም «የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር» ማለት ሲጀምር ነው። ቀድሞ ከገባ ስብሰባው ጩኸት ብቻ ይሆናል።

የእህቴ ልጅ ይህን አንብቦ «ሼፕሺፍተር 100 ይሁንልኝ» ብሎ ጽፎልኛል። ቅዳሜ ሆስቱ እኔ ነኝ። 30 አድርጌዋለሁ።